ሞተሩ ላይ ያለበስኩት ጋቢ

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2021 ነው። ወቅቱ ጸደይ፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም። እዚህ ኮሎምበስ ጸደይ ሲመጣ ሰው ጠዋት ካፖርት ለብሶ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ካፖርቱን ተሸክሞ ይመለሳል። ዛፎቹ ገና ሳያብቡ ደግሞ ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ተኝተው የከረሙ የስፖርት መኪናዎች ይወጣሉ፤ ከሩቅ ይሰማሉ። ትናንት የዘንድሮዋ የመጀመሪያዋ በቤታችን ፊት እየጮኸች አለፈች። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዬን አስቀምጬ እስክትርቅ ጠበቅኩ። ማንም በሌለበት ወጥ ቤት ውስጥ ፊቴ ጋለ።

ብሩክ በዲቪ የመጣ ልጅ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሲሳሳም እሱ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም። አንድ እፍኝ ዘግኜ ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ሰው ሆነ። እኔን እትዬ ወይንሸት፣ ባለቤቴን ጋሽ ታደሰ ይለናል። መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል አፓርትመንት ተከራይቶ ነበር። አገር ቤት ሄዶ ማርታን አግብቶ ተመልሷል። የእሷ ወረቀት ሊያልቅ ሲል ኮሮና መጣ፣ ኤምባሲው ተዘጋ። ባልና ሚስቱ በስልክ ብቻ እየተያዩ ቀሩ።

በዚያ መሀል መኪናዋን ገዛ። ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ። ስትነሣ የወጥ ቤቴ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። እውነቱን ለመናገር አልወደድኳትም።

"ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ድምፅ ምን ያደርግለታል?" አልኩት።

"እትዬ፣ ማርታ ስትመጣ በእሷ ነው የምቀበላት። ፎቶዋን በየጊዜው እልክላታለሁ። ስም እንኳ አውጥታላታለች።"

"ማን አለቻት?"

"ሙሽሪት።"

ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ መኪናዋን ክፉ ተናግሬያት አላውቅም።

የመጀመሪያው በረዶ ሊወርድ ሲል ብሩክ ቤታችን መጣ። ዌስተርቪል ያለው ቤታችን ጋራዥ አለው፤ የእሱ አፓርትመንት የለውም።

"እትዬ፣ ላስቸግርዎት ነው። ክረምቱን እናንተ ጋ ብትከርምልኝስ? እኔ ጋ ውጭ ነው የምትቆመው። መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ብረቷን ይበላዋል። ጎማዋም ለበረዶ የሚሆን አይደለም።"

"አምጣት" አልኩት።

አንድ ሙሉ ቅዳሜ ደከመባት። አጠባት፣ አደረቃት፣ ቤንዚን እስከ አፏ ሞላ፣ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ጨመረበት። ባትሪዋን በቀጭን ሽቦ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር አገናኘ። በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች ልብስ አለበሳትና ቁልፉን ሰጠኝ።

"ሁለት ነገር ብቻ እትዬ። እስክመጣ ማንም አይንካት። እህል ነገርም ጋራዡ ውስጥ አይቀመጥ፤ አይጥ ይጠራል።"

"እኔ ቤት? አይጥ?"

"አይ፣ እንዲያው ለማንኛውም ብዬ…"

"ብሩክ፣ በዚህ ቤት ስንት ዓመት ኖሬአለሁ። አይጥ አይቼ አላውቅም።"

አቀረቀረ። "ይቅርታ እትዬ። አደራ ለማለት ያህል ነው።"

"አደራህን በእግዚአብሔር ስም ተቀብያለሁ" አልኩት። እኔ ብዙ አልናገርም። የተናገርኩትን ግን እጠብቃለሁ ብዬ አምን ነበር።

ኮራሁም። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ስለ ብሩክ ሲያነሡ "መኪናው እኮ እኔ ጋ ናት" እላቸው ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔው ነኝ የምናገረው። ስንት ሰው እያለ እኔን መርጦ አደራ መስጠቱ ደስ ይለኝ ነበር።

ያ ጥር ክፉ ነበር። ቆሻሻ ልጥል በጋራዡ በኩል ስወጣ የመስኮቱ መስተዋት ከውስጥ በኩል ጭምር በረዶ ሠርቶ አየሁ። ልብሷን ገለጥ አድርጌ ብረቷን ብነካት እጄን አቃጠለችኝ፤ እንዲህ ያለ ብርድ። አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ይዞኝ ሄደና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን አደርን። ከመተኛታችን በፊት ወፍራም ብርድ ልብስ አውጥቶ የመኪናውን ሞተር ሸፈነው። እኔ ከዚያ በሳሳ ነገር ነበር የተጠቀለልኩት። "አባዬ፣ ለእኔስ?" ብለው፣ "አንቺ ብታለቅሺ አባብልሻለሁ። እሱ ጠዋት ከተቀየመኝ ማን ያባብልልኛል?" አለኝ። ጠዋት ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። ደብረ ብርሃን ዳቦ በሻይ በላን። የዚያ ዳቦ ሙቀት እስከ ዛሬ ጣቴ ላይ አለ።

እንግዲህ ከመደርደሪያው አሮጌ ጋቢ አወጣሁ። የመኪናዋን የፊት ክዳን ከፍቼ ሞተሩ ላይ አነጠፍኩት፤ ዳር ዳሩን ሕፃን እንደማስተኛ ጠቀጠቅሁት። ክዳኑን ዘጋሁ፣ ልብሷን መለስኩ፣ አማተብኩባት። ማንም አይንካት መባሌን አልረሳሁም። እኔ ግን ነካኋት ብዬ አላሰብኩም፤ አለበስኳት እንጂ።

ጾሙ ሲገባ ደግሞ እህሉ መጣ። በጾም ለብዙ ሰው ቆሎ የምቆላው እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ሰው እንደ ልቡ ስለማይገናኝ በትንንሽ ከረጢት እያሰርኩ በየደጁ አስቀምጥ ነበር። አንድ ጆንያ ሽምብራ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቦታ አጣ። ጋራዡ በር ላይ ጆንያውን አቅፌ ቆምኩ። ብሩክ ያለኝ ትዝ አለኝ። እኔ የመለስኩለትም ትዝ አለኝ። የእኔው መልስ በለጠብኝና ጆንያውን ጥግ አስቀመጥኩት።

ሚያዝያ ላይ ማርታ ቪዛዋን አገኘች። እሑድ ረፋድ ልትደርስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብሩክ መኪናዋን ሊወስድ መጣ። ፀጉሩን ተስተካክሏል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ታደሰ ሊያይ ወጣ። እዚህ የተወለደችው ልጃችን ራሔልም ስልኳን ይዛ ቪዲዮ ልታነሣ ተከተለችን።

ልብሷን ገፈፈ። መኪናዋ እንደ አስቀመጣት ታበራለች። ገብቶ ተቀመጠና በመስኮቱ "ብርጭቆዎትን ይያዙ እትዬ!" አለኝ። ተሳሳቅን። አስነሣት።

በአንድ ጊዜ ጮኸች። ራሔል ጆሮዋን ያዘች። ከዚያ ድምፁ ተቆራረጠ። ትን እንዳለው ሰው እየሳለች መላ አካሏ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ከመሪው ፊት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ብሩክ ነዳጅ ጨመር ቢያደርግላት ባሰባት። መጀመሪያ ቤንዚን ሸተተን። ቀጥሎ ሌላ ሽታ መጣ። ያን ሽታ እኔ ከሁሉም በፊት አወቅሁት፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

"ማም፣ ኩክ እያደረግሽ ነው እንዴ?" አለች ራሔል።

ታደሰ አፍንጫውን ቀና አደረገ። "ወይንዬ፣ ምጣድ ጥደሽ ነው የመጣሽው? ሽምብራ እያረረ ነው እኮ!"

"አልጣድኩም" አልኩ።

ብሩክ አጠፋት፤ ወርዶ ክዳኑን ከፈተ። ጋቢዬ እዚያ ነበር። ወንፊት ሆኗል። አንድ ጫፉ ከሙቀቱ ቡናማ መሆን ጀምሯል። እሳት አለመያዙን አይቼ ተመስገን አልኩ፤ ያን እስከ ዛሬ እላለሁ። ብሩክ ጋቢውን በሁለት ጣቱ ሲያነሣው በጋለው ብረት ላይ ሽምብራዎች ተደርድረው ይጨሳሉ። አንዳንዱ ለመብላት ደርሷል።

"ይሄ የኛ ጋቢ አይደለም እንዴ?" አለ ታደሰ።

"እኔ ነኝ ያለበስኳት።"

"ምን አልሽ?"

ደገምኩት። "በርዷት ነበር።"

"ማም! ካር እኮ ነው! ብላንኬት አያስፈልገውም!" ራሔል መሳቅ ጀመረች። ፊቴን ስታይ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

ብሩክ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ሳጥን ፈታና ከፈተው። ከውስጡ ሽምብራ ፈሰሰ። ከሽምብራው ሥር ከጋቢዬ ክር የተሠራ ነጭ ጎጆ ነበር፤ ለስላሳ፣ ክብ፣ የሚያምር። ከጎጆው አይጧ ዘለለች። በብሩክ እጅ ላይ፣ ከዚያ በታደሰ እግሮች መሀል አልፋ ቀጥ ብላ ወደ ጆንያው ሮጠች። ሁላችንም በዓይናችን ተከተልናት፤ ጆንያው ያኔ ታየ።

እኔ ቤት አይጥ የለም ብዬ ነበር። ያን ቃል ማንም አላነሣውም። ቢያነሡት ይሻለኝ ነበር።

ብሩክ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን በጣቱ አነሣ። ልባሳቸው ተበልቶ መዳቡ ይታያል። "ዕቃው ታዝዞ ነው የሚመጣው" አለ ለራሱ እንደሚናገር። "ለነገ አትደርስም።"

"አንተስ ከማስነሣትህ በፊት ከፍተህ አታያትም ነበር?" አለው ታደሰ። እኔን ሊያግዘኝ ብሎ ነው።

"ሌላ ቦታ ከርማ ቢሆን አይ ነበር፣ ጋሼ። እትዬ ጋ ስለነበረች አላሰብኩም።"

እየወቀሰኝ አልነበረም። ለተጠየቀው መልስ መስጠቱ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ የከበደኝ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ስልኩ ጮኸ። ማርታ ናት፤ ቦሌ ሆና አውሮፕላኑን እየጠበቀች። ብሩክ እጁን በሱሪው ጠርጎ ስልኩን አነሣ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ነበር፤ ፊቷን አላይም፣ ድምጿን እሰማለሁ።

"ሙሽሪትን አሳየኝ እስቲ! አጠብካት?"

ስልኩን ወደ መኪናዋ ጎን አዞረው። የተከፈተው ክዳን እንዳይታይ ወደ ኋላዋ በኩል ሄደ። "ይኸው። ታበራለች አይደል?"

"ወይኔ ስታምር! ነገ በሷ ነው አይደል?"

የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፉ ዳበሰ። "ማርቲ፣ ነገ በሷ ባልመጣ ይሻላል መሰለኝ። መንገዱ ላይ ገና ጨው አለ።"

ጨው የለም። ዝናብ ካጠበው ሰንብቷል። እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች?

"እሺ" አለች። ያን እሺ የሰማ ሁሉ ምን እንደሆነ ያውቃል። ወዲያው ድምጿን አነቃችና "እትዬ ወይንሸትን አመስግንልኝ። ክረምቱን ሙሉ ጠበቁልን" አለች።

"አመሰግንልሻለሁ" አለ ብሩክ።

ወደ ጥልቁ ብገባ ደስ ይለኝ ነበር። እዚያው ቆሜ የነጠላዬን ጥለት እቆጥር ጀመር። ብሩክ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ መጣ። "አይዞዎት እትዬ። ብረት ነው፤ ይጠገናል።" በኋላም ተጠግናለች። በዚያች ሰዓት ግን ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ያወጣሁት ሌላ ነው።

"ነገ እኔ እወስድሃለሁ።"

"ነገ እሑድ ነው እኮ እትዬ። ቅዳሴ አለ።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

ማታ ጸሎት ቆምኩ። ሁልጊዜ ከትዕቢት ጠብቀኝ የምልበት ቦታ አለ። እዚያ ስደርስ ምላሴ ተያዘ። ስንት ዘመን ያለ ሐሳብ ስለው እንደኖርኩ ያን ማታ ነው የገባኝ። ስለ ብሩክ ግን አመሰገንኩ። ሊቆጣኝ የሚገባ ሰው ሊያስከፋኝ ስላልፈለገ ሚስቱን ዋሽቷታል። እኔ ልጄ የምለው ልጅ ውሸቱን የተናገረው የእኔን ገበና ሊሸፍን ነው።

ጠዋት ተነሥቼ መጀመሪያ ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁ። እህል መጣል ያስፈራኛል፤ አማትቤ ጣልኩት። ወጥ ቤት ገብቼ ከዚያው ሽምብራ የቆላሁትንም ደፋሁ። በመጨረሻ ቦርሳዬን ገልብጬ አራገፍኩ። ከዚያ ሚኒቫኔን አነሣሁና ብሩክን ከአፓርትመንቱ ወሰድኩት። አበባ ይዟል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ነዳሁ። የቤተ ክርስቲያኑን መታጠፊያ ስናልፍ መኪናዎች እየገቡ ነበር።

ማርታ ከፎቶዋ ትንሽ ናት። ጭምብሏ ፊቷን ቢሸፍነውም ዓይኖቿ እያለቀሱ ይስቁ ነበር። ተቃቅፈው እስኪጠግቡ ድረስ ዞር ብዬ ሻንጣዎቹን እጠብቅ ነበር። ወደ እኔ መጥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል በሁለት እጄ ያዝኳት። ለዚህ የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም።

ውጭ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። የለበሰችው ስስ ሹራብ ነው። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ከፊት ተቀመጠች፤ ብሩክ ከሻንጣዎቹ ጋር ከኋላ። ሞተሩን ሳላስነሣ ዞረችልኝ።

"እትዬ፣ ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም። የጾም ምግብ አልነበራቸውም። ብሩክ ቦርሳዎት ውስጥ ቆሎ አይጠፋም ብሎኝ ነበር።"

እጄ በልማዱ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። ባዶ ነው። በመስተዋቱ ብሩክን አየሁት፤ ወደ ውጭ ያያል።

"ዛሬ የለም" አልኳት። "ለምን እንደሌለ ልንገርሽ።"

ሁሉንም ነገርኳት። ጋቢውን፣ ጆንያውን፣ አይጧን፣ ስለ ሽምብራው ሽታ፣ ብሩክ ሲያስጠነቅቀኝ የመለስኩለትን ጭምር። "ሙሽሪትን ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ" አልኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሬ "አንተም" አልኩት።

ማርታ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዞረች። "ጨው ነው አላልከኝም?"

"ትንሽ ጨውም ነበረ" አለ ብሩክ።

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ወደ እኔ ተመለሰች።

"እትዬ፣ እኔም ብሆን አለብሳት ነበር" አለች። "እንዴት ያለ ብርድ ነው ይሄ!"

ሞተሩን አስነሣሁ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩላት። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ስንመለስ ቅዳሴው አልቆ ሰው እየወጣ ነበር። ነጠላ የለበሱት ሴቶች መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው ያወራሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገብቼ የብሩክ ሚስት ይቺውላችሁ፣ እኔ ነኝ የተቀበልኳት እል ነበር። አንድ እጄን ከመሪው አንሥቼ አማተብኩ፤ ሳላቆም ምሳ ወደሚጠብቃት ወደ ቤቴ ይዣት ነዳሁ።